ልጄን የት ላስቀምጣት?

ሳይክል ልገዛ ነው። ጃጁራ እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ አይደለም፤ ማርሽ ያለው፣ ፍሬኑ የሚያስተማምን፣ እግሬ መሬት የሚነካልኝ ይበቃኛል።

የከበደኝ የሁለት ዓመቷ ልጄ ነገር ነው። «በአንቀልባ አዝላታለሁ» ስል እናቴ ሳቀች። «እኔ አንተን ያዘልኩህ በእግሬ እየሄድኩ ነው። ሳይክል ሲወድቅ ያዘለውም የታዘለውም አብረው ነው የሚወድቁት» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሞተር ላይ ሕፃን ከፊቱ አስቀምጦ የሚከንፍ አባት ስናይ ዝም የምንለው ስለለመድነው እንጂ ስለማያስፈራ አይደለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ቀበቶ ያለው፣ እግሯን ከጎማው ሽቦ የሚከልል የልጅ መቀመጫ፤ ቀጥሎ በልኳ የሆነ ሄልሜት። መቀመጫውን የሚሸከም ጠንካራ የኋላ መጫኛ የሌለው ሳይክል ይቅርብኝ። ቁልቁለቱ ሲከፋ ወርጄ በእጄ እይዘዋለሁ።

እናንተስ ልጃችሁን በምን ታመላልሳላችሁ?