የኮንኮርድ ስንብትና የፎቶግራፍ አንሺው ጭንቅ

ሊሰናበት የተነሣን አውሮፕላን በፎቶግራፍ ለማስቀረት ካሜራውን አንግቶ የሚወጣ ሰው፣ ብርሃኑንና ርቀቱን ከማስላቱ አስቀድሞ፣ ስንብት የሚባለው ነገር በአውሮፕላኑ አካል ላይ ፈጽሞ እንደማይታይ ሊያስብበት ይገባዋል። ሰው ሲሰናበት ፊቱ ይለወጣል፣ ድምፁም ይሰበራል፤ አውሮፕላን ግን በመጨረሻው ቀን የሚበረው በመጀመሪያው ዓመት ይበር እንደ ነበረው ነው፤ ሞተሩ ያው፣ ክንፉ ያው፣ ከማኮብኮቢያው ተነሥቶ ወደ ሰማይ የሚያቀናበትም ሥርዐት ያው ነው። ዳግመኛ ወደ አየር የማይወጣውን አውሮፕላንና ነገ ጧት እንደ ልማዱ የሚበረውን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ተሰናባቹ የትኛው እንደ ሆነ ከሥዕሉ ብቻ የሚለይ ሊቅ አይገኝም፤ ልዩነቱን የሚነግረን ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው ጽሑፍ ነው። ወዳጆቼ፣ ይህ ነገር በሐሳቤ ብዙ ጊዜ ሲመላለስ ከቈየ በኋላ፣ መልሱን በመጠኑ ያገኘሁት ከኮንኮርድ የመጨረሻ በረራ ፎቶግራፎች ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ኮንኮርድ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተባብረው የሠሩት፣ መንገደኛን ከድምፅ ፍጥነት በእጥፍ አፍጥኖ የሚያደርስ አውሮፕላን ነበር። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1969 በፈረንሳይ አገር ከቱሉዝ ተነሣ፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 9 ቀን፣ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ አጠገብ ካለው ከፊልተን ተነሣ። በጠቅላላው የተሠሩት 20 ብቻ ሲሆኑ፣ ከነዚህም መካከል ከ1976 ጀምሮ ለመንገደኞች አገልግሎት የዋሉት 14 ነበሩ። እስከ 60,000 ጫማ በሚደርስ ከፍታ ላይ ሲገሠግሥ፣ ከፍጥነቱ ብዛት የተነሣ የአፍንጫው ጫፍ ሙቀት 127 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስ፣ መላው አካሉም አንድ ስንዝር ያህል ይረዝም ነበር፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለስ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ያስደነቀው ንጹሕ ነጭ ቀለሙ ለጌጥ ብቻ የተመረጠ ቢመስልም፣ ዋና አገልግሎቱ ሙቀቱን ማባረር ነበር፤ ይኸው ነጭነቱ ለፎቶግራፍ አንሺ ምን ዐይነት ፈተና እንደ ሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

የፍጻሜውን ታሪክ አላረዝምም። ጁላይ 25 ቀን 2000 ከፓሪስ የተነሣው የኤር ፍራንስ ኮንኮርድ ተከስክሶ 113 ነፍሳት ጠፉ፤ በ2001 መጨረሻ ወደ ሥራ ቢመለስም የመንገደኛው ቍጥር አንሶ፣ የጥገናው ወጪ ገዝፎ ስለ ተገኘ፣ ኮንኮርድን ያበሩ የነበሩት ሁለቱ አየር መንገዶች፣ ኤር ፍራንስና ብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ በኤፕሪል 2003 ማብቂያውን ዐወጁ። ኦክቶበር 24 ቀን ሦስት ኮንኮርዶች ተከታትለው በለንደን ሂትሮው ሲያርፉ የመንገደኛው አገልግሎት ተፈጸመ፤ የመጨረሻው በረራ ግን ገና ነበር።

እርሱም የተደረገው ረቡዕ ኖቬምበር 26 ቀን 2003፣ በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 16 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ነው። ከኮንኮርዶች ሁሉ በኋላ የተሠራውና በ1979 ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊልተን የተነሣው፣ በምዝገባ ፊደሎቹ «አልፋ ፎክስትሮት» የሚባለው አውሮፕላን፣ አንድ መቶ ያህል የብሪቲሽ ኤርዌይስ ባልደረቦችን አሳፍሮ፣ በካፒቴን ሌስ ብሮዲ መሪነት ከሂትሮው ተነሥቶ፣ በውቅያኖሱ ላይ የድምፅን ፍጥነት ለመጨረሻ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ዝቅ ብሎ በብሪስቶል ሰማይ ላይ ታይቶ፣ ወደ ተወለደበት ማኮብኮቢያ ወረደ።

በማረፊያው አጥር ዙሪያ ካሜራውን ደግኖ የሚጠብቅ ሰው የሚገጥመውን ፈተና በዚህ ሥራ የተጠመደ ሁሉ ያውቀዋል። የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይመልስ ዘንድ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ነጭ አውሮፕላን በነጭ ደመና ፊት ሲቀርብለት ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ያ የተደከመበት ነጭነትም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አንሺው ለመሣሪያው ሳይታዘዝ በገዛ ዕውቀቱ ብርሃን መጨመር አለበት፤ ያውም ከመጠን ካለፈ የክንፉ መስመር ተፍቆ እንደሚጠፋ እያወቀ ነው። በኅዳር በዚያ አገር ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ ብዙ ስለማትርቅ፣ በሰሜን በኩል ቦታ የያዘ ሰው ከደመና በወጣች ጊዜ ፊት ለፊት ይጋፈጣታል። አንድ ነገር ብቻ ይቀልለታል፤ ኮንኮርድ ፕሮፔለር ስለሌለው በሰከንድ አንድ ሺኛ ፍጥነት ቢያነሣውም የሚነቅፈው የለም። (የአሮጌ አውሮፕላን ወዳጆች ፕሮፔለሩ ድርቅ ብሎ የቆመበትን ሥዕል እንደ ኀጢአት ይቈጥሩታል።)

ሲያርፍ የነበረው መልክ ግን ይህን ሁሉ ድካም የሚክስ ነበር። ክንፉ ሦስት ማዕዘን ስለ ሆነ በዝግታ ለመብረር ራሱን እጅግ ቀና ማድረግ ግድ ይለው ነበር፤ ቀና ሲል ደግሞ ረጅሙ አፍንጫ ማኮብኮቢያውን ከአብራሪው ዐይን እንዳይጋርድ በ12.5 ዲግሪ ወደ ታች ይታጠፍ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እግሩን ዘርግቶ ሊያርፍ የተቃረበ ሽመላ ይመስላል። ይህን መልክ የያዙት ፎቶግራፎች ብዙዎች ናቸው፣ ያማሩም ናቸው፤ ነገር ግን በ1985 የተነሡ ናቸው ቢሉን እናምን ነበር።

ልዊስ ዋይልድ የተባለው የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ በዚያው ቀን ያነሣው ሥዕል ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል። እርሱ በሄሊኮፕተር ሆኖ አውሮፕላኑን ከላይ ወደ ታች ሲያየው፣ ከነጩ ክንፍ ሥር የክሊፍተን ተንጠልጣይ ድልድይ በገደልና በገደል መካከል ተዘርግቶ፣ ሕዝቡም በዙሪያው ቆሞ ይታያል። ይህን ድልድይ የነደፈው ኢዛምባርድ ኪንግደም ብሩኔል በ1859 ስለ ሞተ ፍጻሜውን አላየም፤ ድልድዩ የተመረቀው በ1864 ነው። በፈረስ ጋሪ ዘመን የተሠራው ድልድይ መኪና እያሳለፈ ጸንቶ ሲኖር፣ አትላንቲክን በሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሻገር የነበረው ከላዩ አልፎ ወደ ሙዚየም ይሄዳል፤ ቀዳሚው ቀርቶ ተከታዩ አለፈ። በእኔ አስተያየት ሥዕሉን ታላቅ ያደረገው የአውሮፕላኑ ውበት ሳይሆን ይህ ጉርብትና ነው፤ ብቻውን በሰማይ ቢታይ ዘመን የለሽ የነበረው አካል፣ ከሚቀር ነገር ጋር በአንድነት ስለ ታየ ኀላፊ መሆኑ ታወቀ። ሌላው መንገድ ሕዝቡን ማንሣት ነው፤ ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ አንገቱን ወደ ሰማይ ያቀና ሕዝብ ያለበት ሥዕል፣ አውሮፕላኑ በጥግ ብቻ ቢታይበትም፣ ከአሥር የክንፍ ሥዕሎች ይልቅ ይናገራል። ይሁን እንጂ ካሜራውን ከአውሮፕላኑ አንሥቶ ወደ ሰው ለመመለስ በዚያች ሰዓት አንጀት የሚጨክነው ለጥቂቱ ነው።

የፊልተን ማረፊያ በ2012 መጨረሻ ተዘጋ፤ በ2017 በዚያው ሥፍራ ሙዚየም ተከፍቶ «አልፋ ፎክስትሮት» በጣራ ሥር ገባ። ዛሬ ሊያነሣው የሚሄድ ሰው 62 ሜትር የሚጠጋ ርዝመቱን በአንድ ሥዕል ለማስገባት ጥግ ይዞ ሰፊ ሌንስ ይጠቀማል፤ አፍንጫው ገዝፎ ጅራቱ ኰስሶ ሲወጣም ቅር ይለዋል።

ከኮንኮርድ በኋላ ግን አንድ አየር መንገድ ይህን የፎቶግራፍ አንሺዎች ጭንቅ በሌላ መንገድ ፈታው። የአውስትራሊያው ካንታስ ጁላይ 22 ቀን 2020 የመጨረሻውን ቦይንግ 747 ከሲድኒ ሲሸኝ፣ አብራሪዎቹ በባሕሩ ላይ እየተጠማዘዙ የበረራ መስመራቸው የካንጋሮ ቅርጽ እንዲይዝ አደረጉና ወደ አሜሪካ አቀኑ። በዚህ ጊዜ ስንብቱ በአውሮፕላኑ መንገድ ላይ ራሱ ተጻፈ፤ ግን ያ ካንጋሮ የታየው የበረራ መከታተያ በከፈቱ ሰዎች ስክሪን ላይ ነው፤ ሌንሱን ወደ ሰማይ ደግኖ ለቆመው ሰው ያው የሚዞር አውሮፕላን ነበር።