የገበሬው ልጅ አሉላ

ዛሬ ስለ ራስ አሉላ እያስተማርኩ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። በሩዝ አጨዳ ምክንያት ሁለት ሳምንት ቀርቶ የመጣ ተማሪ ነው። «ቲቸር፣ የማን ልጅ ነው?» አለኝ። «የገበሬ። ተምቤን፣ መነዌ ነው የተወለደው» አልኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

በራስ አርአያ ቤት አሽከር ሆኖ ጀመረ። በአፄ ዮሐንስ ዘመን ራስ ተባለ፤ መረብ ምላሽን ገዛ፣ አስመራን መቀመጫው አደረገ። በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ወደ 500 የሚጠጋ የጣሊያን ጦር ደመሰሰ። ዓድዋም ዘምቷል። በ1889 ሲሞት አባ ገሪማ ገዳም ተቀበረ።

ልጁ ሲወጣ «ነገም እመጣለሁ ቲቸር» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ሆዴ ባር ባር አለ። እኔም ትምህርቴን ላቋርጥ ትንሽ የቀረኝ በአጨዳ ወቅት ነበር። ወላጆች፣ እባካችሁ፣ አጨዳው ያልፋል፤ ልጆቹን ላኩልን። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?