ስደተኛ ሮምን ሲጎበኝ

ስደተኛ ቱሪስት ይሆናል ወይ? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። እኛ ስደተኞች ከተማን የምናውቀው በጉዳይ ነው። አንዱን ሰፈር በፖሊስ ጣቢያው፣ ሌላውን በጠበቃው ቢሮ፣ ሦስተኛውን ለአገር ቤት ገንዘብ በሚላክበት ሱቅ እናውቀዋለን። ካርታ ይዞ፣ ካሜራ አንጠልጥሎ፣ ያለ ጉዳይ በሰው ከተማ መንሸራሸር የሌላ ሰው ዕጣ ይመስለን ነበር። ዘንድሮ ግን ወረቀቱም ተሟላልኝ፣ ዕረፍቱም ተገኘ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ሮምን በእግርና በባቡር ስዞር ሰነበትኩ። ያየሁትን ለወገን ላካፍል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ያረፍኩት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ነው። ስሙ የመጣው የሮማ ቄሣሮች ጠባቂ ወታደሮች ከሠፈሩበት ግቢ ነው፤ በጢባርዮስ ቄሣር ዘመን ከተሠራው ግንብ ከፊሉ ዛሬም ቆሟል። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። መንገዶቹ ማጄንታ፣ ሶልፌሪኖ፣ ፓለስትሮ፣ ሚላዞ፣ ጋኤታ እየተባሉ ይጠራሉ፤ ሁሉም ጣሊያን አንድ አገር ለመሆን ደም የፈሰሰባቸው ቦታዎች ናቸው። በእነዚህ የጦር ሜዳ ስሞች መካከል ስትሄዱ ድንገት የበርበሬ ሽታ አፍንጫችሁን ይመታዋል። የሐበሻ ምግብ ቤት እዚያው ነው፤ ዜና የሚሰማውም፣ ሥራ የሚጠየቀውም እዚያው ነው።

መጓጓዣው ለእንግዳ ሰው ያደናግራል፤ ሲለምዱት ግን ቀላል ነው። ትኬት «ቲ» የሚል ምልክት ካለው ትምባሆ መሸጫ ይገዛል፤ ዋጋው 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው፤ 100 ደቂቃ ያገለግላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አውቶቡስ እየቀያየሩ መሄድ ይቻላል፤ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አውቶቡስ ላይ ወጥታችሁ ትኬቱን በመሣሪያው ካላስመታችሁ እንደሌላችሁ ይቆጠራል። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር በኪስ አውላቂ የታወቀ ነውና ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ። «ሾፔሮ» ሲባል ከሰማችሁ አድማ ነው፤ የጫማችሁን ማሰሪያ አጥብቁ። ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ያሳደሩኝ እናት ናቸው። የጓደኛዬ አክስት ሲሆኑ ሮም የገቡት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለቤት ሠራተኝነት ነው።

«እትዬ፣ ኮሎሴዎን ስንቴ ገብተው አዩት?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ከውጭ ነው። ያኔ ዕረፍታችን ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነበር። ሐሙስ ተርሚኒ እንገናኛለን፤ ደብዳቤ የመጣላት ታነብልናለች፤ አልቅሰን ስቀን ወደየእመቤቶቻችን እንመለሳለን። ኮሎሴዎን ማን ልብ ብሎት!»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ከተማዋን እንደሳቸው የሚያውቅ አላየሁም። ፓሪዮሊ ለመሄድ የቱ አውቶቡስ እንደሚቀርብ፣ የቱ ማቆሚያ ጥላ እንዳለው፣ ማታ በየት በኩል ማለፍ እንደማይገባ በቃላቸው ይዘውታል። ከተማዋን በጠረጓቸው ቤቶች ያስታውሷታል።

መጀመሪያ የላኩኝ ተርሚኒ ፊት ለፊት ወዳለው አደባባይ ነው። «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቸንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል፤ አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው! መታሰቢያቸው ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ሐውልት ነው፤ ዛሬ ከአደባባዩ ፈንጠር ብሎ በዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል። ፋሺስት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከለገሀር የዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ አምጥቶ ከዚህ ሐውልት ሥር አኖረው። በ1938 ዘርዓይ ደረስ የአገሩን አንበሳ በምርኮ ሲያይ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሡት በመጡት ላይም ጎራዴ መዘዘ። በ1945 እዚያው ጣሊያን፣ ሲሲሊ ውስጥ እንደታሰረ ሞተ። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ ቦታው ተመልሷል። እኔ በቆምኩበት ሰዓት በሐውልቱ ዙሪያ ሳንድዊች የሚበሉ ጎብኚዎች ነበሩ፤ ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ከካስትሮ ፕሬቶሪዮ በሜትሮ ቢ ወደ ደቡብ ስትሄዱ አራተኛው ማቆሚያ ቺርኮ ማሲሞ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ከ60 ዓመት በላይ የቆመው እዚያ ነበር፤ ዛሬ የዓለም እርሻ ድርጅት በሆነው፣ መጀመሪያ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ በተሠራው ሕንፃ ፊት። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማ ነበር፤ የመለሰችው ግን በ2005 ነው። ያኔ እኔ አዲስ አበባ የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ወጣት ዘጋቢ ነበርኩ። ሐውልታችን ከስደት ተመለሰ ብለን በትልቁ ጻፍን። ዓመቱ ሳያልቅ ጋዜጣው ተዘጋ፤ እሱ በገባበት ሰማይ እኔ ወጣሁ። ባዶውን ቦታ ሳየው ደስ ብሎኛል፤ የሆነ ነገርም ጉሮሮዬን አንቆኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን እንሂድ። በ2012 በተከፈተው የሜትሮ ቅርንጫፍ ከካስትሮ ፕሬቶሪዮ አራተኛው ማቆሚያ ስሙ «ሊቢያ» ነው። አካባቢው «የአፍሪካ ሰፈር» ይባላል፤ ቪያሌ ኤትዮፒያ፣ ቪያሌ ኤሪትሪያ፣ ቪያ አስመራ፣ ቪያ ማካሌ እያለ ይቀጥላል። መንገዱን እንዲያሳየኝ የእትዬ ጎረቤት የሆነ ወጣት አብሮኝ ተሳፍሮ ነበር። በረሃውንና ባሕሩን አቋርጦ የመጣ ልጅ ነው። ድምፅ ማጉያው «ፕሮሲማ ፌርማታ፣ ሊቢያ» ሲል ፊቱን ወደ ጨለማው መስኮት አዞረ።

«ጋሼ፣ እኔ ከሊቢያ ሮም ለመድረስ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብኛል» አለኝ። «እዚህ አሥር ደቂቃ አይሞላም።»

እንውረድ ብዬ አልጠየቅሁትም። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄደን ተመለስን። ቪያሌ ኤትዮፒያን በማግስቱ ብቻዬን አየሁት፤ ፎቆች፣ የቆሙ መኪናዎች፣ አንድ ቡና ቤት፤ ሌላ ምንም የለም።

እኛም የነሱን ስም ይዘናል፤ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ። ልዩነቱ፣ እኛ ስሙን የያዝነው ኖረንበት፣ ነግደንበት፣ ተፋቅረንበት ነው። እነሱ በ1936 የመርዝ ጋዝ ያዘነቡበትን አምባ አራዳምን መንገድ ላይ ጻፉት፤ «አምባራዳን» ሲሉም ትርምስ ማለታቸው ነው። በዚያ መንገድ ለሚሠራው የሜትሮ ጣቢያ ስሙ ሊሰጠው ሲል ተቃውሞ ተነሣና በ2020 የከተማው ምክር ቤት በጆርጆ ማሪንኮላ እንዲሰየም ድምፅ ሰጠ፤ እናቱ ሶማሊያዊት የሆነች፣ ፋሺስትን ሲዋጋ የወደቀ ጣሊያናዊ ነው። ጣቢያው በዲሴምበር 2025 ሲከፈት ግን የተሰጠው ስም ፖርታ ሜትሮኒያ ነው።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ «የነፃነት አደባባይ»፣ ፒያሳ ኢንዲፔንደንሳ አለ። በኦገስት 2017 ከቪያ ኩርታቶኔ ሕንፃ ተባርረው አደባባዩ ላይ ያደሩትን ስደተኞች ፖሊስ በውሃ መድፍ በተናቸው። አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሕጋዊ የጥገኝነት ወረቀት ነበራቸው። ዛሬ በዚያው አስፋልት ላይ የቱሪስት ሻንጣ ጎማ ሲንኳኳ ይውላል። የኔም ሻንጣ በዚያ አልፏል።

በመጨረሻው ቀን ሁለት ትኬት ገዝቼ እትዬን ኮሎሴዎ አስገባኋቸው። ነጠላቸውን ደርበው ቀስ ብለው ወጡ፤ ዙሪያውን ተመለከቱና «ይህን ሁሉ ደረጃ የሚጠርገው ማን ይሆን?» አሉ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ለካ እንዲህ ነው» አሉኝ ስንወጣ።

ወገኖቼ፣ ወረቀት ያላችሁ ሂዱ፤ ጎብኙ። እንደ ሌላው ሰው ያለ ጉዳይ መንሸራሸር ለኛም ይገባናል። ልጆቻችሁን ስትወስዱ ግን ከኮሎሴዎው በፊት ተርሚኒ ፊት አቁሟቸውና አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ንገሯቸው። ሮም የምትኖሩ ደግሞ አንድ አደራ አለብኝ፤ ለአርባ ዓመት የሰው ቤት ሲጠርጉ የኖሩትን እናቶች አንድ ሐሙስ ከሰዓት ይዛችኋቸው ውጡ። መንገዱን እነሱ ያሳዩዋችኋል፤ እናንተ ትኬቱን ብቻ ግዙ።