አምስተኛው ሰው

ባለፈው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1855 ከታተመው የአንቶኒ ትሮሎፕ ልብ ወለድ «ዘ ዋርደን» ጥቂት ገጾች ወደ አማርኛ እንድንመልስ ታዝዘን ሳለ፣ «ሬክተር» ከሚለው ቃል ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ሬክተር ማለት በእንግሊዝ አገር የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የአንድ ደብር ኃላፊ ቄስ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ከደብሩ ምርት የሚወጣው አሥራት ሙሉ በሙሉ የእርሱ ሲሆን፣ ቪካር የተባለው ግን ትንሹን ድርሻ ብቻ ያገኝ ነበር። እኔም «አለቃ» ብዬ ተረጎምሁና በግርጌው «ተቀምጦ የሚበላ» የሚል ማብራሪያ ጨመርሁበት። እንዲያውም በመኝታ ቤታችን ክርክር የእኛንም አለቆች በዚሁ ሚዛን መዝኜ ጭብጨባ አግኝቼበታለሁ።

በኅዳር ወር አያቴ ዐርፈው ወደ ሸዋ ቤንች ወረድሁ። የበኩር ልጃቸው የሆኑት አጎቴ በዚያው አገር የአንዲት ደብር አለቃ ናቸው። ሌሎቹ ልጆች ደረት ሲደቁ፣ እርሳቸው ጸሎተ ፍትሐቱን ይመሩ ነበር። እናታቸውን ቀብረው ሲመለሱ፣ በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ከደጃፋቸው ቆመው ጠበቋቸው፤ ተቀምጠው አስታረቋቸው። ማታ ደግሞ ከሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ጋር የካህናቱን ደመወዝ ሲያሰሉ አመሹ። እንደሚታወቀው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያን መሬት ከተወሰደ ወዲህ የገጠር ደብር የሚተዳደረው በአብዛኛው ምእመናን በሚያዋጡት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ምእመኑ ገንዘብ የሚያየው ቡናው ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ቡና እስኪደርስ ባሉት ወራት አጎቴ የራሳቸውን ደመወዝ ያቆዩታል፤ ይህንንም ያወቅሁት መዝገቡን ሳነብላቸው እንጂ ከአፋቸው ሰምቼ አይደለም።

በሠልስቱ ዋዜማ ችግር መጣ። ቅዳሴ አምስት ልዑካን ይሻል፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ዲያቆናቱ ግን የድኻ ልጆች ናቸውና በለቀማ ወራት ወደ ቡና እርሻ ይወርዳሉ፤ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። በልጅነቴ ከጳጳስ እጅ ድቁና ተቀብያለሁ፤ አገልግሎቱን ከተውሁ ግን አራት ዓመት ሆኖኛል። ምንም አላሉኝም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ባትሪያቸውን አነሡ።

«እኔ ልሂድልዎ» አልኋቸው።

«በሌሊት ልጁን አምኖ የሚሰጥህ ማን ነው፣ ልጄ? ማን ያውቅሃል?» ብለውኝ ወጡ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ከጎረቤት ደብር አንድ ትንሽ ዲያቆን አስከትለው ገቡ። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ቀጥታ ወደ ቤተ መቅደስ አለፉ። እኔም ከሕዝቡ ጋር በስተኋላ ቆሜ አስቀደስሁ።

ወደ ትምህርቴ እንደ ተመለስሁ ያንን ትርጉም አወጣሁት። «አለቃ» የሚለውን ቃል እንዳለ ተውሁት፤ የግርጌውን ማብራሪያ ግን ሠረዝሁት። ጓደኞቼ ሆይ፣ በካህናት ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን እኔ ስነቅፍ የአንዱን አለቃ የአንድ ቀን ውሎ እንኳ አላውቅም ነበር፤ የአጎቴ ቤት ውስጥ ያደግሁ ሰው!

ዘንድሮም ኅዳር ይመጣል፤ ልጆቹም ለለቀማ ይወርዳሉ። አጎቴ በደብዳቤያቸው ስለ ጤናዬና ስለ ፈተናዬ ይጠይቁኛል። አምስተኛው ሰው ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ቢጠይቁኝ የምመልሰውን ገና አላገኘሁም።