ታዲያ ለምን ይበቅላል?

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤት ስገባ የ13 ዓመቷ ታናሽ እህቴ አካሄዷ አላማረኝም። እግሯን ፈርከክ አድርጋ ነው የምትራመደው። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ምንም» አለችኝ። ማታ ትኩሳት ሲይዛት ነው ጉዱ የወጣው። ለካ የአባባን አሮጌ ምላጭ ወስዳ ብልቷ ላይ የበቀለውን ፀጉር ስትላጭ ቆርጧት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ኖሯል። አራት ቀን ሙሉ ለእማዬ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ ቁስሉን አጥባ መድኃኒት ሰጠቻት። ስንመለስ መንገድ ላይ ቀስ ብላ፣ «የክፍል ልጆች ቆሻሻ ነው አሉ። ቆሻሻ ከሆነ ታዲያ ለምን ይበቅላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ መጠየቅና ማስረዳት የተማርኩት ሰውዬ መልስ አጣሁ! እኛም ስንማር የባዮሎጂ መምህራችን እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብለው ነበር ያለፉት። ማን ሊያነበው?

ግቢ እንደተመለስኩ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። በጉርምስና ወቅት በሴትም በወንድም ሰውነት ውስጥ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ፣ ስሱ ፀጉር ወደ ወፍራምና ጥቅልል ፀጉር ይለወጣል። በዚያው ሰሞን በአካባቢው ያሉ ልዩ የላብ ዕጢዎችም ሥራ ይጀምራሉ። ስለ ጥቅሙ ግን ሳይንቲስቶች እስካሁን አንድ ቃል አልሆኑም። ቆዳ ከቆዳ ሲፋተግ እንዳይላጥ ይከላከላል የሚሉ አሉ። ጠረን ይዞ ያቆያል የሚሉም አሉ። ሰውነት መጎልመሱን የሚያሳይ ምልክት ነው ባዮችም አልጠፉም። ምናልባት ሁሉም ትክክል ይሆናሉ።

ቅማሉም አስገርሞኛል። የብልት ቅማል የቅርብ ዘመዱ የራሳችን ቅማል ሳይሆን የጎሪላ ቅማል ነው! እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ሁለቱ ከተለያዩ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆናቸው ይገምታል።

ቆሻሻ ነው የሚል ግን የትም አላገኘሁም። እንዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከቀዶ ሕክምና በፊት ፀጉር በምላጭ እንዳይላጭ መክሯል። ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ስለሚተው ጀርም መግቢያ ያገኛል።

ይህን ለዶርም ጓደኛዬ ሳወራላት፣ «እኛ ሙስሊሞች ዘንድ ማስወገድ ሱና ነው፤ ከ40 ቀን ባይዘገይ ነው የሚባለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም አትላጩ አላልኩም። የሚላጭ ሰው በእምነቱም ሆነ በምርጫው ይላጭ፤ ግን ንጹህና የራሱ የሆነ ምላጭ ይያዝ። ቆስሎ ከሆነ ደግሞ ይናገር።

በአማርኛችን ስሙ ጭገር ነው። ስጽፈው እጄ ትንሽ ዘገየ፤ ቃሉን ከስድብ ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅማ።

ቅዳሜ ዕለት ለእህቴ ደወልኩና ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳት። በቅማሉ በጣም ሳቀች። «በይ ለክፍል ልጆችም ንገሪያቸው» ስላት ትንሽ ዝም ብላ፣ «እኔ አፍራለሁ፤ አንቺ ጻፊላቸው» አለችኝ።

ይኸው ጻፍኩ።