የስሜን ቀይ ቀበሮና የእኛ ውሻ

ዛሬ ከጎንደር ተነስተን ወደ ስሜን እንውጣ። መንገዳችን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ነው። ደባርቅ ስንደርስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘናል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው።

ከደባርቅ ወደ ላይ ስንወጣ ብርዱ ይበረታል። የገብሱ ማሳ እየቀነሰ ይሄዳል። ከፍታው ላይ ስንደርስ ጓሳና ጅብራ እናያለን። የቀይ ቀበሮ አገሩ ይህ ነው።

ጠጉሩ ቀይ ነው። ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ ነው። እግሩ ረጅም፣ አፉ ሾጠጥ ያለ ነው። የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። የሚኖረው በቤተሰብ ነው፤ ለአደን ግን ብቻውን ይወጣል። እረኞች «ግልገል ይበላብናል» ይላሉ። አንዳንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ሐሰት አይደለም። ሆዱን የሚሞላው ግን በአይጥ ነው። አይጥ ደግሞ የእህላችን ጠላት ናት።

ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለም። የሚበዙት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። በስሜን ያሉት ጥቂት ናቸው። በጠቅላላው ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያንሳሉ።

ስለምን አነሱ? አንደኛ፣ እርሻ ወደ ተራራው እየወጣ መኖሪያቸውን አጠበበ። ሁለተኛ፣ የውሻ በሽታ ይፈጃቸዋል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ጨረሰ። በሽታውን የሚያመጣባቸው የሰው ውሻ ነው።

«ታዲያ ውሻ አይኑረን ወይ? ጅቡን ማን ይጠብቅልን?» የሚል ይኖራል። ውሻችንን እናስወግድ አንልም። እናስከትበው ነው የምንለው። ክትባቱን በየዓመቱ እናስደግም። ወደ ጓሳው ይዘነው አንውጣ። ሌሊት ይጠብቅ፤ ቀን ይታሰር።

ክትባቱ የሚጠቅመው ቀበሮውን ብቻ አይደለም። ያው በሽታ ላማችንንም ልጃችንንም ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለሩብ ሰዓት ይታጠብ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ነገ እሄዳለሁ አይበል።

ጥያቄ፦ በቀበሌያችን ስንት ውሻ አለ? ስንቱ ተከትቧል? በቡድን ሆናችሁ ተነጋገሩበት።