በክረምት በባሕር ዳር መንገድ ማደሪያን አስቀድሞ ስለ መምረጥ፤ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ

መንገድ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው የሚደርስበትን ስፍራ ብቻ ሳይሆን የሚያድርበትንም ነው። አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር። ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ጭኖ ሲነሣ ውሃና ሣር የት እንደሚገኝ፥ ወንዙ በየትኛው ወራት እንደሚሞላ፥ ለሰውም ለከብትም ዕረፍት የሚሆነው ሜዳ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ሳያጠና ከሰፈሩ አይንቀሳቀስም ነበር። ዛሬ አውቶሞቢል መንገዱን ስላሳጠረልን ይህ ጥበብ የማያስፈልግ ይመስለናል። ነገር ግን የሰው ድካም፥ የቀን ማጠርና የዝናብ ኀይል ዛሬም እንደ ጥንቱ ናቸው።

ለዚህ ምሳሌ አድርገን የምናቀርበው በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፥ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር ዳሩን ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚወርደውን መንገድ ነው። በሁለቱም ከተሞች አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ በበዓል ሰሞን ዘመድ ለመጠየቅ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄደው ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በዚያ አገር የብርድ ወራት ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ነው። በሰሜኑ ክፍል ብርዱ በረዶ ሲያመጣ፥ በዚህ ባሕር ዳር ግን የሚያመጣው ዝናብ ነው። በጋው ደረቅ ሆኖ ያልፋል፤ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በብርዱ ወራት ይወርዳል። ስለዚህ እኛ ክረምት የምንለው ቃል፥ የወራቱ ስም ቢለያይም፥ ለዚያ አገር ብርድ በጣም ይስማማዋል። የእኛን አገር ክረምት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ደግሞ ዝናብ በተራራ ዳር መንገድ ላይ ምን እንደሚሠራ አይጠፋውም።

እናቴ ከብዙ ዓመት በኋላ እኛን ልጆችዋን ለመጠየቅ ከኢትዮጵያ መጥታ በኦክላንድ ከእኔ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። እኅቴ የምትኖረው በሎስ አንጀለስ ሲሆን፥ እናቷን ካየች 11 ዓመት ሆኗት ስለ ነበረ ለገና በዓል ቤቷን አሰናድታ ትጠብቃት ነበር። እናቴም በዕድሜዋ ሁሉ ውቅያኖስ አይታ አታውቅም። የእኅቴ የመጀመሪያ ልጅ፥ ከእኛ ጋር የሚኖረው ወጣት፥ «ጋሼ፥ በውስጠኛው መንገድ 610 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጧት ብንነሣ ሳይመሽ እንገባለን። ሦስት ሌሊት በመንገድ ማደር ምን ይጠቅመናል?» አለኝ። እኔም ነገሩን ለእናቴ አቅርቤ «እርስዎ እንደ ወደዱ ይሁን» ብላት፥ እንዲህ ስትል መለሰችልን። «ልጆቼ፥ ባሕሩን ማየት እወዳለሁ፤ ልጄን ማየት ግን ይበልጥብኛል። መንገዱ ሁለቱን የሚያሳየኝ ከሆነ በባሕሩ በኩል ውሰዱኝ። አንዱን ብቻ የሚያሳየኝ ከሆነ ግን ወደ ልጄ ውሰዱኝ።» የጕዞው ሥርዐት ሁሉ የተሠራው በዚህ ቃል ላይ ነው።

የባሕር ዳሩ መንገድ በጠቅላላው 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በውስጠኛው መንገድ ላይ ከሚጨመረው ርቀት ይልቅ የሚከብደው የመንገዱ ጠመዝማዛነትና የቀኑ ማጠር ነው። በአገራችን በታኅሣሥ ወር እንኳ ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙ አይጐድልም። በዚያ ግን በገና ሰሞን ፀሐይ ከጧቱ 1 ሰዓት አልፎ ወጥታ 11 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች፤ የቀኑ ርዝመት 10 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ማደሪያዎቹን ስንመርጥ ሦስት ነገር ወሰንን። ፊተኛው፥ የዕለቱን መንገድ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በብርሃን መቍጠር፤ ከ10 ሰዓት በኋላም መንገድ ላይ አለመገኘት። ሁለተኛው፥ የሚከብደውን መንገድ በጧት መጀመር። ሦስተኛው፥ ከሁሉ የሚበልጠው፥ መንገድ በሚከፈልበት ስፍራ ማደር ነው። ፊት ለፊት ያለው መንገድ ቢዘጋ ሌላ መውጫ በሌለበት መንደር ያደረ ሰው፥ ማደሪያው ምንም ቢያምር እንደ ታሰረ ይቈጠራል።

ታኅሣሥ 25 ቀን ተነሥተን 190 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ የመጀመሪያውን ሌሊት በሞንተሬይ አደርን። ይህች ከተማ በእስፓኝና በሜክሲኮ ዘመን የአገሩ ዋና ከተማ ነበረች፤ የካሊፎርኒያም የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት በ1849 የተረቀቀው በዚህች ከተማ ነው። ጥንት ሰርዲን የተባለው ዓሣ በቈርቈሮ ይታሸግበት በነበረው ሰፈር በ1984 የተከፈተ ታላቅ የባሕር እንስሳት ማሳያ ቤት አለ። ዝናብ ለሚያውለው ቤተ ሰብ፥ በተለይም ሕፃናት ላሉት፥ እንዲህ ያለ ጣራ ያለው መዋያ በማደሪያው አጠገብ መኖሩ ትልቅ ዕረፍት ነው። እኛ የመረጥናት ግን ከሁሉ ይልቅ መንገድ ስለሚከፈልባት ነው። ከእርሷ አንዱ መንገድ በባሕሩ ዳር ወደ ቢግ ሰር ይሄዳል፤ ሌላውም በሳሊናስ በኩል ወደ ውስጠኛው 101 ቍጥር መንገድ ይወጣል።

ከሞንተሬይ አጠገብ ካለችው ከካርሜል እስከ ሳን ሲምየን ያለው የቢግ ሰር መንገድ ተራራው ቀጥ ብሎ ከባሕር በሚገባበት ገደል ላይ የተቈረጠ ነው። ለሥራው ብዙ ዓመት ከፈጀ በኋላ በ1937 ተከፈተ፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ እስረኞች ነበሩ። በ1932 የተፈጸመው የቢክስቢ ድልድይ ከወንዙ በላይ ያለው ከፍታ 80 ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ተራራው ልል ስለ ሆነ ዝናብ ሲጠጣ ይናዳል። በ2017 በፌብሩዋሪ ወር አንድ ድልድይ ተሰንጥቆ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ደግሞ መድ ክሪክ በተባለው ስፍራ ታላቅ ናዳ ወርዶ መንገዱ እስከ 2018 ጁላይ ተዘጋ። ከ2023 ጃንዋሪ ጀምሮም እየተደጋገመ የወረደው ናዳ ከሁለት ዓመት በላይ ከዳር እስከ ዳር ሰው አላሳለፈም። ልብ ሊባል የሚገባው፥ የመድ ክሪክ ናዳ የወረደው ዝናቡ ካባራ በኋላ መሆኑ ነው። ውሃው በተራራው ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚሠራ፥ ሰማዩ ጠራ ብሎ መድፈር አይገባም።

ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ጧት ከመነሣታችን በፊት የክፍለ ግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን ማስታወቂያ ተመለከትን። በሌሊት በዘነበው ዝናብ ምክንያት ከቢግ ሰር በታች ያለው መንገድ ተዘግቶ ነበር። እስከ ቢክስቢ ድልድይ ድረስ ግን ክፍት ስለ ነበረ፥ እናቴን እስከዚያ ወሰድናት። ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ባሕሩ በቀኙ ነው፤ ገደል የሚያዞረው ሰው በግራ በተራራው በኩል መቀመጥ ይሻለዋል። እናቴ ግን በባሕሩ በኩል እቀመጣለሁ አለች። ከድልድዩ አጠገብ ቆመን ማዕበሉ ከዓለቱ ጋር ሲታገል ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ከተመለከተች በኋላ «እንዲህ ያለ ውሃ የሚችል ዳርቻ ምን ዐይነት ትዕግሥት ተሰጠው!» አለች። ወጣቱ ጥቂት ብንጠብቅ መንገዱ ይከፈት ይሆናል ሲል፥ እናቴ ቃሏን አስታወሰችው፤ ተመልሰንም በሳሊናስ በኩል ወጣን። የከፈልነው ዋጋ የጥቂት ሰዓት መዘግየት ብቻ ነበረ።

ውስጠኛውን መንገድ ይዘን እስከ ፓሶ ሮብልስ ከወረድን በኋላ በ46 ቍጥር መንገድ ተራራውን ተሻግረን፥ ሁለተኛውን ሌሊት ቀድሞ በያዝነው ማደሪያ በካምብሪያ አደርን። ካምብሪያም በዚያው ሥርዐት የተመረጠች ነበረች፤ ከሰሜን በባሕር ዳር ከምሥራቅም በተራራ ይገባባታልና።

በማግሥቱ ጧት ጥቂት ወደ ሰሜን ተመልሰን በፒየድራስ ብላንካስ የባሕር ዝሆን የተባሉትን አውሬዎች አየን። ወንዱ ክብደቱ ከ2000 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ አፍንጫውም እንደ ኩምቢ ተንጠልጥሏል። ወደዚህ ስፍራ መምጣት የጀመሩት በ1990 ሲሆን፥ የሚወልዱት ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ ስለ ሆነ ይህን የሚያየው በብርድ ወራት የሚጓዝ ሰው ነው። ሕፃናቱ እናትና ግልገል ሲጠራሩ ሰምተው ከአጥሩ አልለይ አሉ። በዚያው አጠገብ በኮረብታ ላይ የጋዜጣ ባለቤት የነበረው ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ከ1919 እስከ 1947 ያሠራው ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ይታያል። ሥራውን የመራችው ጁልያ ሞርገን የተባለች የሕንፃ ሊቅ ነበረች።

ከዚያ ወደ ደቡብ ስንወርድ በሳን ልዊስ ኦቢስፖ ምሳ በላን። ይህች ከተማ ስለ ማደሪያ ለሚያስብ ሰው ልዩ ታሪክ አላት። የእስፓኝ መነኮሳት ከ1769 እስከ 1823 በዚህ አገር 21 ገዳማት ሲተክሉ፥ በአንዱና በአንዱ መካከል ያለው መንገድ በፈረስ የአንድ ቀን ያህል እንደ ነበረ ይነገራል፤ የዚህች ከተማ ገዳም የተተከለው በ1772 ነው። ለመንገደኛ ማረፊያ የሆኑት እነዚህ ገዳማት ለአገሬው ሕዝብ ግን የግዳጅ ሥራና የበሽታ ስፍራ መሆናቸው አይዘነጋም። ኋላ ዘመነ አውቶሞቢል ሲመጣ፥ ከሳን ፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስ በአንድ ቀን የማይደረስ ስለ ነበረ፥ በ1925 በመካከለኛዪቱ በዚህች ከተማ ሞተርና ሆቴል የሚሉትን ቃላት በማጋጠም ሞቴል የተባለው ቤት ተከፈተ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጠራበት ስም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛውን ሌሊት በሳንታ ባርባራ አደርን። ከተማይቱ በተራራና በባሕር መካከል ያለች፥ አየርዋ ለስላሳ የሆነ ናት። ነገር ግን በአጠገብዋ ባለችው በሞንተሲቶ በ2018 ጃንዋሪ 9 ቀን ከተራራው የወረደ ጭቃና ድንጋይ 23 ሰዎች ገድሎ፥ ታላቁን 101 ቍጥር መንገድ ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ዘግቶት ነበር። ምክንያቱም ባለፈው ወር እሳት ተራራውን አቃጥሎት ስለ ነበረ ዝናቡን የሚይዝ ሥርና ሣር አልቀረም። ስለዚህ በክረምት የሚሄድ ሰው ዝናቡን ብቻ ሳይሆን በበጋ የተቃጠለው ተራራ የት እንደሆነም መጠየቅ ይገባዋል።

ታኅሣሥ 28 ቀን የቀረውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ጨርሰን፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሎስ አንጀለስ ገባን። እኅቴ ከቤቷ አልጠበቀችንም። የከተማው ምክር ቤት በ2002 ትንሺቱ ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው በፌርፋክስ ጐዳና ላይ ቆማ፥ አውቶሞቢሉ በደንብ ሳይቆም በሩን ከፍታ የእናቷን ጕልበት ሳመች። ያን ጊዜ የእኅቴ ልጅ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ጋሼ፥ ሦስቱ ሌሊት አልበዛም» አለኝ።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ይዞ በእንዲህ ያለ መንገድ ለሚወጣ ሰው የሚጠቅመውን በአጭሩ እንናገር። ማደሪያውን ሲይዝ፥ መንገዱ ቢዘጋ ገንዘቡ የሚመለስበትን ቤት ይምረጥ። በቢግ ሰር ብዙ ስፍራ ስልክ ስለማይሠራ፥ የሚያድርበትን ስፍራና የሚደርስበትን ሰዓት ለሚጠብቀው ዘመድ አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ቤንዚኑንም ከካርሜል ሞልቶ ይነሣ። በጾም ላይ ያለ መንገደኛ ስንቁን፥ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን፥ ከቤቱ ይያዝ፤ ካልታሰበ ስፍራ ቢቆይ ሕፃንም ሽማግሌም አይራብበትም። የብርድ ልብስ ከጓዙ በላይ እንጂ ከታች አይቀመጥ። ከባሕሩ ዳር ሲወርዱም ለውሃው ጀርባ አይሰጥም፤ በክረምት ድንገት ከፍ ብሎ የሚመጣው ማዕበል የቆመን ሰው ይወስዳል።

ከሁሉም በላይ ግን የቤቱ አለቃ ከመነሣቱ በፊት፥ መንገዱ ሁሉን የማይሰጠው ቢሆን የትኛውን ትቶ የትኛውን እንደሚይዝ ከቤተ ሰቡ ጋር ይማከር። ይህ በቤት ውስጥ በሰላም ከተወሰነ፥ በገደል አፋፍ ላይ በችኰላ የሚወሰን ነገር አይኖርም።